መድኃኒቴን ልደብቅ?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባይፖላር የሚባለው፣ ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት የአእምሮ ሕመም እንዳለብኝ ካወቅሁ ዓመታት አልፈዋል፤ መድኃኒቴን እወስዳለሁ፣ ሥራዬንም እሠራለሁ። በቅርቡ ትልቋ ልጄ ከትምህርት ቤት ደጋግማ በመቅረቷ አንዲት የሕፃናት ጥበቃ ባለሙያ ቤታችን መጣች። ስለ መድኃኒቱ እስክነግራት ድረስ በደንብ እያወራን ነበር፤ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። ሳለቅስ «ስሜቷ አልተረጋጋም» ብላ ጻፈች። እህቴ «መድኃኒቱን ጣይና ድኛለሁ በይ» ትለኛለች። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ መድኃኒቱን አይጣሉ። ሌላው ሁሉ ይቆየን። በተለይ ለባይፖላር የሚታዘዘው ሊቲየም ከሆነ በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ የማገርሸት ዕድሉ ከፍተኛ ነው። የእህትዎ ፍርሃት ግን ይገባኛል። ብዙ ወላጆች ልጆቼን ይወስዱብኛል ብለው ከሐኪም ይሸሻሉ፤ ሳይታከሙ ይብስባቸዋል፤ የፈሩትም ያኔ ይደርሳል።

ስለ እንባዎ ልናገር። ልጆቿን ልታጣ እንደምትችል እየተሰማት የማታለቅስ እናት ብዙ አላየሁም። ሌላዋ ስታለቅስ «ደንግጣለች» ይባላል፤ እርስዎ ሲያለቅሱ ግን የሕመም ምልክት ተደርጎ ይመዘገባል። ባልደረቦቼን ቅር ቢያሰኝም፣ የሕመሙ ስም ብቻውን ስለ ወላጅነትዎ የሚናገረው ጥቂት ነው። መታየት ያለበት ልጆቹ በሰዓቱ መብላታቸው፣ ሕመሙ ሲነሣ የሚይዛቸው ሰው መኖሩ፣ እርስዎም መምጫውን ማወቅዎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ የረጅም ጊዜ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውንም ይጨምራል፤ አንቀጽ 23 ልጅ በወላጁ ጉዳት ምክንያት ብቻ ከወላጁ እንዳይለይ ይከለክላል።

የልጅዎ መቅረት ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ «በሕመሜ ምክንያት አገለሉኝ» በሚል ሊሸፈን አይገባም። ከአልጋ መነሣት ያቃትዎት ጠዋቶች ከነበሩ ይናገሩ። ደግሞ ልጅቷ የቀረችው እርስዎን ለመጠበቅ ይሆን? ወላጃቸው የታመመባቸው ልጆች ማንም ሳያዛቸው ዘብ ይቆማሉ፤ ከዚያም አልፈው «በእኔ ጥፋት ነው የታመመችው» ብለው ያስባሉ። ተቀምጠው ያነጋግሯት። ሕመምዎን በስሙ ይጥሩላት፤ በእሷ የመጣ እንዳልሆነ፣ የሚከታተልዎት ሐኪም እንዳለ ይንገሯት።

ባለሙያዋ ስትመለስ በወረቀት የተጻፈ ዕቅድ ያሳዩዋት፦ ሕመሙ ሲመጣ ቀድሞ የሚታይብዎ ምንድን ነው (ለብዙዎች እንቅልፍ መቀነሱ ነው)፣ ያን ጊዜ ማን ይጠራል፣ ልጆቹን ማን ትምህርት ቤት ያደርሳል። እህትዎ በእውነት መርዳት ከፈለገች ስሟን እዚያ ታስገባ። የተጻፈብዎትን ማስታወሻ ለማየት ይጠይቁ፤ ሲያለቅሱ ምን ተጠይቀው እንደነበር አብሮ እንዲጻፍም ያሳስቡ። የሐኪምዎ ደብዳቤም «ባይፖላር አለባት» ብሎ እንዳያበቃ፤ ቀጠሮ ማክበርዎ፣ መጨረሻ የታመሙበት ጊዜና ያን ጊዜ ልጆቹ በማን እጅ እንደነበሩ ይካተትበት።