ከሰኞ ጀምሮ ለምትሉ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

34 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። የመጨረሻዎቹን 20 ዓመታት ያሳለፍኩት በስኳርና በደም ግፊት ክትትል ክፍል ነው። መጀመሪያ ስገባ ካርዳቸውን ይዘው ወረፋ የሚጠብቁት የእናቴ እኩዮች ነበሩ። ቀስ በቀስ የእኔ እኩዮች ተቀላቀሉ። ጡረታ ልወጣ አካባቢ ደግሞ የልጆቼን እኩዮች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። 28 ዓመት። 31 ዓመት። አንዳንዱ ላፕቶፑን አቅፎ ነው የሚመጣው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ አግዳሚ ወንበር ነው።

"ስፖርት ሥሩ" ልላችሁ አይደለም። እሱንማ ታውቁታላችሁ። ስንት ቪዲዮ አይታችኋል። ቱታም ገዝታችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጣችኋል። እኔ ላወራችሁ የፈለግኩት በማወቅና በመጀመር መሃል ስለተቀመጠው ነገር ነው። ሰበብ እንለዋለን። ሰበብ ግን ብቻውን አይቆምም። ከኋላው አንድ ፍርሃት አለ። "ጊዜ የለኝም" ያለኝን ሰው ቁጭ ብዬ ሳዋራው፣ ብዙውን ጊዜ ፈርቶ ነው።

ከራሴ ልጀምር። 43 ዓመቴ ነበር። በቀን የስንት ሰው ግፊት እለካለሁ። የራሴን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ተለክቼ አላውቅም። ማታ ማታ ራሴን ያመኛል፤ "ድካም ነው" እላለሁ። ዳገት ስወጣ ያለከልከኛል፤ "ከፋሲካ በኋላ እቀንሳለሁ" እላለሁ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ታካሚ ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ "ነይ እስቲ ቁጭ በይ" አለችኝ። እጅጌዬን ሰበሰበች። ጨርቁን ክንዴ ላይ ጠቀለለች። እየነፋች ስትሄድ ክንዴ ጥብቅ አለ። ያንን ለሺህ ሰው አድርጌዋለሁ። በራሴ ክንድ ላይ ግን እንግዳ ነገር ሆነብኝ። አየሩ ቀስ እያለ ሲወጣ የማየው ፊቷን ነበር። ቁጥሩን ከመናገሯ በፊት ፊቷ ነገረኝ። 158 በ96።

ለማታውቁት፣ ጥሩ የሚባለው ከ120 በ80 በታች ሲሆን ነው። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90ና ከዚያ በላይ ከሆነ የደም ግፊት በሽታ ነው ይባላል። ይህን ለስንት ሰው አስረድቻለሁ። እኔ ራሴ ሳልለካ የቆየሁት ጊዜ አጥቼ አልነበረም፤ መሣሪያው እጄ ላይ ነው። ማወቅ ፈርቼ ነው። ካወቅኩ አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ። ካላወቅኩ ደግሞ እስከ ፋሲካ ጊዜ አለኝ።

እናንተም ጋ ይህ ፍርሃት እንዳለ አውቃለሁ። ሚዛን አይታችሁ ዞር የምትሉት፣ "ብመረመር የሆነ ነገር ያገኙብኛል" የምትሉት ለዚህ ነው። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። ዝም ብሎ ልብን፣ ኩላሊትን፣ የአንጎልን ደም ሥር እየጎዳ ይቆያል። መለካት አምስት ደቂቃ ነው። እባካችሁ ተለኩ። በተለይ እናታችሁ ወይም አባታችሁ ግፊት ወይም ስኳር ካለባቸው፣ እናንተ 40 እስኪሞላችሁ አትጠብቁ።

ሐኪሙ መድኃኒት ጀመረልኝ። ጨው እንድቀንስና በየቀኑ በእግሬ እንድሄድ ነገረኝ። መድኃኒቱን የዚያኑ ዕለት ጀመርኩ። በእግሬ ለመሄድ ግን አምስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ለምን? የሰው ዓይን ፈርቼ።

ይሉኝታ ደግ ነገር ነው። ለቅሶ ያስደርሳል፤ የታመመ ያስጠይቃል። ሰውነትን በተመለከተ ግን ክፉኛ ይጎዳናል። ስትከሱ "ምነው፣ አመመህ እንዴ?" ትባላላችሁ። ስትወፍሩ "ተስማምቶሃል፣ ፊትህ መጣ" ትባላላችሁ። ቦርጭ የደላው ሰው ምልክት ሆኖ ቆይቷል። ሴት ልጅ ቱታ ለብሳ ሰፈር ውስጥ ሮጥ ሮጥ ካለች ከየደጃፉ አንገት ይወጣል። አንድ ወፈር ያለ ወጣት ታካሚ ነበረኝ። ጂም ለምን እንደማይጀምር ስጠይቀው አቀርቅሮ "ሲስተር፣ ጂም ለመግባት መጀመሪያ ትንሽ መቀነስ አለብኝ" አለኝ። ይህን ሲለኝ አንጀቴን በላኝ። ሐኪም ቤት ለመሄድ መጀመሪያ መዳን አለብኝ እንደማለት ነው። ግን ስሜቱ እውነት ነው። እኔም በዚያው አልፌያለሁና አልተቆጣሁትም።

በየዓመቱ ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫን አይታችሁታል። በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10 ሺህ ሰው ነበር የሮጠው፤ ዛሬ ከዚያ ብዙ እጥፍ ሆኗል። ያን ቀን ሽማግሌው ይሮጣል፣ ወፍራሙ ይሮጣል፣ ግማሹ እየጨፈረ ይሄዳል። ማንም አያፍርም። ሁሉም አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሷላ! በማግስቱ ሰኞ ግን ያው ሰው በሰፈሩ አስፋልት አንድ ኪሎ ሜትር በፍጥነት መራመድ ያፍራል። ጉልበቱ ያው ጉልበት ነው። መንገዱም ያው ነው። የተለየው አጠገቡ ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ሰው ፈልጉ። አንድ ጓደኛ ይበቃል። "ና እንጀምር" ለማለት ካፈራችሁ፣ እሱም እናንተ እስክትጠሩት እያፈረ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያ ቀኔን ልንገራችሁ። ሰፈሬ ሽሮ ሜዳ ነው፤ ወደ እንጦጦ ዳገት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ነጠላዬን ተከናንቤ ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያን የምሳለም እንዲመስል ነው። ዳገቱ ላይ አንድ ቀይ የቆርቆሮ በር አለ። ከቤቴ ቢበዛ 300 እርምጃ ቢሆን ነው። "እስከ ቀዩ በር ደርሼ እመለሳለሁ" አልኩ። ሁለት ጊዜ ቆሜ አረፍኩ። ማገዶ ሊለቅሙ ወደ እንጦጦ የሚወጡ ሴቶች ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በአጠገቤ አለፉ። እየተጨዋወቱ ነው ዳገቱን የሚወጡት። አንዷ ከእኔ ትበልጣለች። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። የእናቶቻችን ሰውነት ስፖርት የማያስፈልገው ቀኑን ሙሉ ስለሚሠራ ነው። ውሃ ይቀዳሉ፣ ይፈጫሉ፣ ገበያ በእግራቸው ይሄዳሉ። እኛ ሰነፍ ሆነን አይደለም፤ ሥራችን ወንበር ላይ ሆነ። ሰውነታችን ግን ያው የድሮው ነው።

በሦስተኛው ቀን ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤቴ በሯ ላይ ቆማ "ዛሬ ደግሞ የማን ንግሥ ነው?" አለችኝ። በአራተኛው ቀን መዋሸት ታከተኝ። "ግፊት አለብኝ። ሐኪም በእግርሽ ሂጂ ብሎኝ ነው" አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እኔም እኮ ስኳር አለብኝ" አለችኝ። 11 ዓመት ጎረቤቴ ነች። ቡና በየሳምንቱ እንጠጣለን። እኔ የስኳር ክፍል ነርስ ነኝ። አላውቅም ነበር። እኔ እሷን ስፈራ፣ እሷ ለካ እኔን ስትፈራ ኖራለች። በሳምንቱ አብራኝ መውጣት ጀመረች። ነጠላውንም ያኔ ነው የተውኩት።

ሌላው ፍርሃት የልብ ነው። ይሄኛውን በደንብ ላስረዳችሁ፣ ምክንያቱም ብዙዎችን የሚመልስ እሱ ነው። አንዲት 26 ዓመት የሞላት ልጅ አንድ ቀን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ መጣች። ስትሮጥ ልቧ በጣም ስለመታ "ሞቴ ደርሷል" ብላ ነው። መረመሯት፤ ደህና ነች። ለዓመታት ሮጣ ስለማታውቅ ልቧ በፍጥነት ሲመታ ሰምታው አታውቅም። ልብ ስትንቀሳቀሱ መፍጠኑ ሥራው ነው። ደግሞ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። ከጋምቤላ ወይም ከድሬዳዋ የመጣችሁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አይግረማችሁ። ልኩን ማወቂያው ቀላል ነው። እየሄዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ ልክ ነው። እነዚያ የእንጦጦ እናቶች እንደሚያደርጉት ማለት ነው። ማውራት ካቃታችሁ ቀንሱ።

መቆም ያለባችሁ ጊዜም አለ። ደረታችሁን ጭምቅ አድርጎ ከያዛችሁ፣ ሕመሙ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ራሳችሁን ከሳታችሁ፣ ቆማችሁም ትንፋሻችሁ አልመለስ ካለ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። አንድ ነገር ልጨምር። በልጅነታችሁ የጉሮሮ ሕመም ይመላለስባችሁ ከነበረና መገጣጠሚያችሁ አብጦ የሚያውቅ ከሆነ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ልባችሁን ታዩ። በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልብ ቫልቭን ሊጎዳ ይችላል፤ በአገራችን ይህ ያለባቸው ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። ይህን የምላችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም። የሚፈራውን ለይታችሁ እንድትፈሩና ሌላውን እንድትተዉት ነው።

ስለ ጊዜ ብዙ አልልም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ወይም እሱን የመሰለ እንቅስቃሴ ይመክራል። በአምስት ቀን ሲካፈል በቀን ግማሽ ሰዓት ነው። ተከፋፍሎ 10 ደቂቃ 10 ደቂቃ ቢሆንም ይቆጠራል። ጄሪ ሞሪስ የሚባል ብሪታንያዊ ሐኪም ከእነ ባልደረቦቹ በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት አለ። የለንደን ባለ ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩ ሾፌሮችንና ቲኬት ቆራጮችን አወዳደሩ። አንድ ድርጅት፣ አንድ መኪና፣ አንድ መንገድ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፤ ቲኬት ቆራጩ ደረጃውን ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። በልብ ሕመም የሚያዙት ቲኬት ቆራጮች ከሾፌሮቹ በጣም ያነሱ ሆነው ተገኙ። ማናቸውም ጂም አልገቡም። እናንተ ደግሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆናችሁ ሊፍት የለም ብላችሁ ታማርራላችሁ። ታክሲውንም አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ ውረዱ።

ገንዘብም እንደዚያው ነው። የጂም ክፍያ ለብዙዎቻችሁ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ስትሞሉት 5 ኪሎ ነው። ሁለት ጀሪካን አንሱ፣ ከወንበር ተነሱ ተቀመጡ፣ ግድግዳ ተደግፋችሁ ፑሽ አፕ ሥሩ። በሳምንት ሁለት ቀን ይህን ብታደርጉ ለጡንቻችሁም ለአጥንታችሁም ይጠቅማል። በተለይ ሴቶች ልጆቼ፣ ጡንቻ ሴትነት አያጠፋም። በእኔ ዕድሜ ወድቆ ዳሌ የመሰበርን ነገር አይቼዋለሁ፤ አጥንት የሚጠራቀመው በእናንተ ዕድሜ ነው።

"ጾም ነው፣ አቅም የለኝም" ለምትሉት ደግሞ፣ በጾም ቀን ከመፍታታችሁ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ወይም ከበላችሁ በኋላ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ከምግብ በኋላ መራመድ የደም ስኳርን ያወርዳል። መድኃኒት የምትወስዱ ካላችሁ ግን ጾሙንም እንቅስቃሴውንም ከሐኪማችሁ ጋር ተማከሩበት። ማለዳ ውሻና ጨለማ የሚያሰጋችሁ ደግሞ እውነታችሁን ነው፤ ይህ ሰበብ አይደለም። ሲነጋ ውጡ፣ ሁለት ሆናችሁ ውጡ፣ ካልሆነ ቤት ውስጥ ገመድ ዝለሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ለውጥ አታዩም። ቀስ እያለ እንቅልፋችሁ ሊስተካከል ይችላል። ሚዛኑ ይዘገያል፤ አትጨነቁበት። ሁለት ቀን ሳትወጡ ብታልፉ በሦስተኛው ውጡ። ሌላ ሰኞ አትጠብቁ። እኔ 20 ዓመት ውስጥ ስንቴ አቋርጬ እንደጀመርኩ አልቆጠርኩትም። ግፊቴ ዛሬ በአንዲት ትንሽ ኪኒንና በእግር መንገድ 126 በ78 ላይ ነው። መድኃኒቱን በራሴ አላቆምኩም፤ እናንተም እንዳታቆሙ።

ጎረቤቴ አሁን ጉልበቷን ያማታል። በዱላ ነው የምትሄደው። ብዙ ጠዋት ግን አሁንም በሬን ታንኳኳለች። "እስከ ቀዩ በር ብቻ" ትለኛለች። ባለቤቶቹ በሩን አረንጓዴ ከቀቡት ስድስት ዓመት አልፎታል።