ፈተናው የፌዴራል፣ ጠመኔው የወረዳ

ጂማ ውስጥ ብዙ ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ ትምህርት ሚኒስቴር የሚከነክናችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ልጄ 8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሊፈተን ነው። ፈተናው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ስሙ ከድሮ የቀረ ነው። ፈተናውን የሚያወጣው ክልሉ ነው። አዲስ አበባ የምትመጣብሽ 12ኛ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ትምህርት የክልል ነው ይባል የለ? ሚኒስቴሩ ምን ቤት ነው?

መልስ፦ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ላይ አገር አቀፍ መመዘኛና መሠረታዊ የፖሊሲ መለኪያ ማውጣትን ለፌዴራሉ ይሰጣል። መምህር መቅጠር፣ ደመወዝ መክፈል፣ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማር የክልልና የወረዳ ነው። «መመዘኛ» ግን ላስቲክ ነው፤ ስትስበው ይለጠጣል።

ጥያቄ፦ የሚኒስቴሩ የፈተና ቁጥጥር ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የጠበቀው?

መልስ፦ በ2008 ማትሪክ ተሰርቆ ወጥቶ ፈተናው መሰረዙን ታስታውሳለህ። ኩረጃውም ዓይን አውጥቶ ነበር። ከዚያ በጥቅምት 2015 ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እያደሩ እንዲፈተኑ ተደረገ። እዚህ ጂማ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። የገጠር ልጆች ብርድ ልብስ በማዳበሪያ ጠቅልለው ይሰለፋሉ። ፈታሹ የአንዷን ቆሎ ሳይቀር በእጁ ዝቆ አየ። ልጅቷ ሳቋ መጣ።

ውጤቱ ግን አላሳቀም። 900 ሺህ ገደማ ተፈትነው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2016 ወደ 5.4 ከፍ አለ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሚኒስቴሩ ደግ ሠራ ወይስ አጠፋ?

መልስ፦ ኩረጃውን በመቁረጡ አመሰግነዋለሁ፤ የውሸት ውጤት ስንት ልጅ አበላሽቷል! ቅሬታዬ ወዲህ ነው። ቡና ያለበት አገር ሰው ነህና ይገባሃል፦ ሚዛኑ ቢስተካከል ፍሬው አይወፍርም። ያስተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት ሦስት ልጅ በአንድ መጽሐፍ አጎንብሶ ያነብ ነበር። መሐል ያለው ያነባል፤ ግራና ቀኝ ያሉት አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ፌዴራሉ 12ኛ ላይ ቆሞ ያጣራል። ከ1ኛ እስከ 8ኛ ያለው ሸክም ደሞዝ እንኳ በሰዓቱ መክፈል የሚያቅተው ወረዳ ትከሻ ላይ ነው። ልጁ ሲወድቅ ሁለቱም ጣታቸውን ይቀሳሰራሉ።

ጥያቄ፦ የመውጫ ፈተናስ የግል ኮሌጅንም ይመለከታል?

መልስ፦ አዎ። ከ2015 ጀምሮ የግሉም የመንግሥቱም ዲግሪ ተማሪ ከመመረቁ በፊት ይፈተናል።

ጥያቄ፦ ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ናት። ለፈተናው ምን ልቋጥርላት?

መልስ፦ መግቢያ ካርዷን፣ መታወቂያዋን፣ እርሳስና ላጲስ። ስልኳን ቤት ታስቀምጥ፤ በሩ ላይ ይያዝባታል። ቆሎውን ደግሞ በሚያሳይ ፌስታል አድርጊላት።