ስለ አቦሸማኔ እርባታ ጠይቁኝ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ሥራዬ የዱር ድመቶች፣ የእነ አቦሸማኔና አንበሳ፣ እርባታ ላይ ነው። ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ አንዴ ተሳካ ማለት ዘዴው ተገኘ ማለት አይደለም።

ሳሮን፦ ዶክተር፣ ከማህፀን ውጭ፣ በላቦራቶሪ ተፀንሶ የተወለደ አቦሸማኔ አለ የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው። በፌብሩዋሪ 2020 ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ መካነ እንስሳት ሁለት ግልገሎች ተወለዱ። እንቁላሉ ኪቢቢ የተባለች አቦሸማኔ ነው። ስድስት ዓመት ተኩል ሆኗት አንዴም አልወለደችም። የወንዱ ዘር ከቴክሳስ በበረዶ ተቀምጦ የመጣ ነው። ያረገዘችው ግን ኢዚ የተባለች ሌላ አቦሸማኔ ናት። ለእህቷም ፅንስ ገብቶላት ነበር፤ አልያዘም።

ሞገስ፦ እንደ ላም ማዳቀል አይቻልም እንዴ?

ይሄን ስጠብቅ ነበር። ላም ኮርማ ስትፈልግ ታሳይሃለች። አዳቃዩ ይመጣል፣ ቆማ ያዳቅላታል፣ አለቀ። አቦሸማኔ ፍላጎቷን እምብዛም አታሳይም። እንቁላል የምትለቀውም ወንድ ሲያገኛት ነው፤ ወንድ ከሌለ በሆርሞን መርፌ ታታልላታለህ። ከዚያ ማደንዘዣ አለ። ቀድመህ ካደነዘዝካት እንቁላሉ ሳይለቀቅ ሊቀር ይችላል። ከዘገየህ እንቁላሉ ያረጅብሃል። ሰዓቱን ብትመታው እንኳ ከወንዱ ዘር ከመቶ 70 የሚበልጠው ቅርጹ የተበላሸ ነው፤ ጅራቱ የተጠቀለለ፣ ጭንቅላቱ የጠመመ። ደግሞ ስምንት ዓመት ካለፋት የሚደክመው ማህፀኗ ነው እንጂ እንቁላሏ ብዙም አይደለም። የትልቋን እንቁላል በወጣቷ ማህፀን ማሳደግ የሚያጓጓኝ ለዚህ ነው። አንዴ መሳካቱ ግን... ከላይ ብያለሁ።

ጫላ፦ ነብሩን ለምን በዱር አይተዉትም?

ሳሮን፦ ነብር ሳይሆን አቦሸማኔ!

ጫላ፦ እኛ ጋ ሁሉም ነብር ነው።

ሞገስ፦ አቦሸማኔ ፊቱ ላይ እንባ የመሰለ ጥቁር መስመር አለው። ነብር የለውም።

ጫላ፦ እሱ ሲያሳድድህ ፊቱን ታያለህ?

በቃ፣ ወደ ጥያቄው።

ደጉ፦ ወጪው ስንት ነው?

ገንዘብ ያዥ አይደለሁም።

ሊያ፦ የስድስት ኪሎ አንበሶችስ በዚህ ይረዳሉ?

አንበሳ በሰው ሰራሽ ዘዴ ተዳቅሏል። በ2018 ደቡብ አፍሪካ የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ዘሩን ያለ ቀዶ ሕክምና አስገብተው ሁለት ደቦሎች አስወልደዋል። የእኛዎቹ ግን መውለድ አላቃታቸውም። በ1948 በአምስት ወንድና በሁለት ሴት ነው የተጀመሩት። ችግሩ እርስ በርስ በዝምድና መዋለዳቸው ነው።

ቢኒ፦ የቤት ድመት የዱር ድመት ልትወልድ ትችላለች?

ወልዳለችም። በ1999 ኒው ኦርሊንስ፣ ጃዝ የተባለ የአፍሪካ ዱር ድመት በበረዶ ከቆየ ፅንስ ተወለደ። እናትየው የቤት ድመት ነበረች። መጠናቸው ስለሚቀራረብ ነው።

ቢኒ፦ ታዲያ አቦሸማኔም ትወልዳለች ማለት ነው?

መጠን አልኩህ እኮ።