ሱሉልታ ላይ ጉጉት እንዴት ልከታተል ላልሽው እህት

ሰላም እህቴ። ሱሉልታ ዳር በገባችሁበት አዲስ ቤት አካባቢ ማታ ማታ ጉጉት እንደሚጮኽ ጽፈሻል። የትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ ስንት እንደሆኑ፣ ሳትረብሻቸውም ዓመቱን ሙሉ እንዴት እንደምትከታተያቸው ጠይቀሻል። ጎረቤቶችሽ ደግሞ ምልኪ ነው ብለው ሊያባርሯት እየተነጋገሩ ነው። ከመናገሻ እስከ ለገዳዲ ባለው የአዲስ አበባ ዙሪያ ለብዙ ዓመታት ጉጉት ስከታተል ኖሬአለሁና የማውቀውን ልጻፍልሽ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ባትሪውን አስቀምጪው። ብዙ ሰው ጉጉት ሰማሁ ሲል መብራት ይዞ ዛፍ ለዛፍ ይዞራል፤ በዚያ የሚገኘው የወፏ ጀርባ ብቻ ነው። ጉጉት የምትቆጠረው በጆሮ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት አካባቢም ይጮኻሉ። አንድ ቦታ ምረጪ፣ 10 ደቂቃ ዝም ብለሽ ቁሚ፣ የሰማሽውን ጻፊ። ሁለተኛና ሦስተኛ ቦታ ከጨመርሽ በመካከላቸው ቢያንስ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይኑር። ዋናው ነገር ቦታውም፣ ሰዓቱም፣ የምትቆሚበት ደቂቃም አለመቀያየሩ ነው። እንደዚያ ካልሆነ የጥቅምቱን ከመጋቢቱ ጋር ማወዳደር አትችይም።

ደብተርሽ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ነፋስና ዝናብ መኖር አለመኖሩን፣ ጨረቃዋን፣ ድምፁ የመጣበትን አቅጣጫ፣ ቅርብ ወይም ሩቅ መሆኑን መዝግቢ። ምንም ያልሰማሽበትንም ምሽት መጻፍ አትርሺ። አብዛኛው ሰው ይህን ይዘለዋል፤ ለእኔ ግን የክትትል ግማሹ እሱ ነው፤ ድምፅ መጥፋቱን የምታውቂው ዝምታውንም ከመዘገብሽ ብቻ ነውና። ቁጥር ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ። አንዷ ጉጉት ከጽዱ ጮኻ ከሩብ ሰዓት በኋላ ከወንዙ ማዶ ልትጮኽ ትችላለች። ሁለት ናቸው የምትይው ድምፃቸውን በአንድ ጊዜ ከሁለት አቅጣጫ ስትሰሚ ነው።

ክረምቱን ብዙ አትልፊበት። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ እየወረደ የሚሰማ ነገር የለም። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ሲጠራ ውጪ፤ ግን ያ አካባቢ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይወርዳል፤ ጋቢና ካልሲ ያስፈልግሻል።

የትኛዋ ናት ላልሽው፣ ድምፁን ለይተሽ ንገሪን። በዙሪያችን ጽድ፣ ወይራና ዝግባ ባለበት ሁሉ የምትገኘው የጫካ ጉጉት ናት። መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ አለች፤ ያረጀ ዛፍ ያለው የከተማ ግቢ ውስጥም ትገባለች። መካከለኛ ናት፣ ዓይኗ ጥቁር ቡናማ ነው፣ ራሷ ላይ የቆመ ላባ የላትም። ድምፅዋ «ሁ፣ ሁ-ሁ» እያለ የሚደጋገም ሲሆን ሴቷ ቀጠን ባለ ድምፅ ስትጣራ ወንዱ በወፍራሙ ይመልሳል። ይህን ቅብብል ከሰማሽ ጥንድ አለሽ ማለት ነው።

የሰማሽው ጨርቅ ሲቀደድ የሚመስል ረጅም ጩኸት ከሆነ ግን ነጭ ፊቷ የልብ ቅርጽ ያለው ጉጉት ናት። እሷ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ፣ ጎተራ፣ ሰው የለቀቀው ቤት ትወዳለች። ሌሊቱን ሙሉ ከኮርኒስ የማንኮራፋት ዓይነት ድምፅ ከመጣ ጫጩቶቿ ምግብ እየጠየቁ ነው። ከገደልና ከአለት አካባቢ ጥልቅ «ሁ» የምትለው ደግሞ ባለ ቀንዷ ትልቅ ጉጉት ናት፤ ሁለት ዓይነት አለች፣ አንዷ ብርቱካናማ ዓይን ያላት፣ ሌላዋ ጥቁር ቡናማ። ሜዳውና ረግረጉ ላይ ገና ሳይጨልም ዝቅ ብላ የምትበርና ሻካራ አጭር ድምፅ የምታወጣ ካየሽ ሣር ውስጥ መሬት ላይ የምትፈለፍለው ናት፤ ሜዳውን ስታቋርጪ እግርሽን አስተውይ። በደጋው ጽድና አስታ ውስጥ የምትኖረው የሐበሻ ጉጉትም አለች፤ እሷን ከሰማሽ ቅጂልን፣ ብዙዎቻችን ደስ ይለናል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ቀጭን፣ የሚያሳዝን ፉጨት ከሰማሽ ጉጉት ላይሆን ይችላል። ቀን ቀን መሬት ላይ ተኝታ የምትውል፣ ሌሊት ነፍሳት የምትይዝ ሌላ ወፍ አለች፤ አዲስ አበባ ውስጥም ትሰማለች።

ቀን ቀን ደግሞ የተዉትን ፈልጊ። ግንድ ላይ የወረደ ነጭ ኩስ፣ ከሥሩም በፀጉር የተጠቀለለ የአጥንት ድቡልቡል ካገኘሽ ማደሪያዋ ከላይ ነው። ጉጉት አይጥን ሳታኝክ ትውጣለች፤ መፈጨት ያልቻለውን በአፏ መልሳ ትተፋዋለች። ጓንት አድርገሽ ሰብስቢው፣ ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፊው፣ በወረንጦ ለያዪው፤ የራስ ቅልና መንጋጋ ይወጣልሻል። የፊት ጥርሱ ረጅምና ብጫ ከሆነ አይጥ ነው። ትንንሽ ወፎች ተሰብስበው አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሲንጫጩ ካየሽም ቆም በይ፤ ብዙ ጊዜ የተኛች ጉጉት ከበው ነው።

ጎረቤቶችሽን በተመለከተ ክርክር አትክፈቺ። ከመናገሻ በታች አንድ የማውቃቸው ጋሼ ነበሩ፣ ጎተራቸው ውስጥ የገባችውን ጉጉት በድንጋይ ሊያስወጧት ተነሥተው ነበር። እዚያው ከጎተራው ሥር ያነሳሁትን ድቡልቡል ጋዜጣ ላይ ፈታሁላቸው። መንጋጋዎቹን አንድ በአንድ ደርድረው አዩና «እህሌን የሚበላውን ነው የምትበላው እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ እንዳይወረውሩባት የሚቆጡት እሳቸው ናቸው። አንቺም እንደዚሁ አድርጊ፣ ቡና ላይ አሳዪያቸው። በዚያው ስለ አይጥ መርዝ አንሺ። መርዝ የበላ አይጥ ብዙ ጊዜ ቶሎ አይሞትም፤ ተዳክሞ ሜዳ ላይ ሲንቀረፈፍ ጉጉቷ ትይዘዋለች፣ መርዙም ወደ እሷ ይተላለፋል። ከምልኪው ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ከጎጆ ራቂ። እንቁላል ላይ ያለች ጉጉት ደጋግመው ከረበሿት ትታ ልትሄድ ትችላለች። የተቀዳ ድምፅ እያጫወቱ መጥራትም አልወደውም፤ ባላጋራ መጣብኝ ብላ አደኗን ትታ ስትሟገት ታመሻለች። ፎቶ ካነሳሽ ያለ ፍላሽ፣ መብራት የግድ ከሆነ ቀይ ፕላስቲክ ሸፍነሽበት።

ለራስሽም አስቢ። በዚያ አካባቢ ማታ ጅብ ይዘዋወራል፣ የግቢ ውሾችም ይለቀቃሉ። ብቻሽን አትውጪ፣ ከግቢሽ በር ሆነሽ መስማት ከበቂ በላይ ነው። ወደ ሌላ ሰው መሬት ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከሄድሽ ቀን ላይ ሄደሽ ባለቤቱን ወይም ጥበቃውን አስፈቅጂ፤ በጨለማ የቆመ እንግዳ ሰው ሌባ ነው የሚባለው።

ጫጩት መሬት ላይ ካገኘሽ ወደ ቤት አትውሰጃት። የጫካ ጉጉት ጫጩቶች በደንብ መብረር ሳይችሉ ጎጆ ከሆናቸው የዛፍ ጉድጓድ ይወጣሉ። ውሻና ድመት አርቀሽ ቅርብ ቅርንጫፍ ላይ አስቀምጫት፤ ወላጆቿ ማታ ይመግቧታል። ክንፏ ከተሰበረ ወይም ደም ካለ ብቻ ካርቶን ውስጥ አድርገሽ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰጃት።

ድምፁን በስልክሽ ቅጂና እዚህ ላኪው፣ አብረን እንለየዋለን። የቤታችሁን ወይም የዛፏን ትክክለኛ ቦታ ግን በአደባባይ አትጻፊ፤ ሱሉልታ አካባቢ ማለት ይበቃል።