መልስ፦ ሲንጋፖር ሕዝቧን በመንግሥት ቤት ያኖረችው በገንዘብ ብዛት ነውን?

ውድ ጠያቂ፣ በዚያች ጠባብ ደሴት መንግሥት ለአብዛኛው ሕዝብ ቤት ሊያዳርስ የቻለው ሀብታም ስለሆነ እንደሆነ ለጠየቁት፣ በእኔ እምነት ከገንዘቡ ይልቅ የመሬቱ ጉዳይ ይቀድማል። የቤቶች ልማት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲቋቋም ብዙው ነዋሪ በተፋፈጉ የእንጨትና የቆርቆሮ ጎጆዎች ይኖር ነበር፤ በግንቦት 1961 ቡኪት ሆ ስዊ በተባለው ሰፈር የተነሣው ቃጠሎ ወደ 16,000 ሰዎችን ሜዳ ላይ በጣለ ጊዜ፣ ቦርዱ በዚያው ስፍራ ፎቆችን በፍጥነት ሠርቶ አመኔታን አተረፈ። ይህ ሁሉ ሊስፋፋ የቻለው ግን በ1966 በወጣው የመሬት ማስለቀቂያ ሕግ ነው። መንግሥት የግል ይዞታን ከገበያ ዋጋ ባነሰ ካሳ እንዲወስድ ስላስቻለው፣ ለባለመሬቶቹ መራር እንደነበር መካድ አይገባም። ከ1968 ጀምሮ ደግሞ ሠራተኛው ከደመወዙ እየተቆረጠ የሚጠራቀምለትን የጡረታ ቁጠባ ለቤት መግዣ እንዲያውል ተፈቀደለት።

«ባለቤት» የሚለው ቃል ግን በጥንቃቄ ይነበብ፤ ገዢው የሚያገኘው የ99 ዓመት ሊዝ ነው (ቃሉ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም)። ከየመስኮቱ በቀርከሃ ዘንግ ልብስ በሚሰጣባቸው በእነዚያ ፎቆች፣ ከ1989 ወዲህ ቻይናዊው፣ ማሌዩና ሕንዳዊው በኮታ ተቀላቅለው ይኖራሉ፤ የሕንፃው ኮታ ከሞላ ሻጩ ቤቱን ለፈለገው ሰው መሸጥ አይችልም።