ሳቁ አብሮኝ ቀረ፣ ቃሉ ጠፋ ላልከው

እንግሊዝኛ ለመማር ብለህ በፍቅር ፊልም ላይ የሚያሾፉ ኮሜዲዎችን እያየህ ሳቁ እንጂ እንግሊዝኛው አልያዝህ ካለ፣ ሙሉውን ፊልም ተወው። አንድ ትዕይንት ብቻ ያዝ።

ፍቅረኛን ለማስቀረት ኤርፖርት የሚሮጥበትን ምረጥ። ብዙዎቹ ያሾፉበታል፤ «ጌት»፣ «ፍላይት»፣ «ዌይት» እየተደጋገሙ ይመጡልሃል። ሰብታይትሉ እንግሊዝኛ ይሁን።

ከዚያ ነጠላ ቃል ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩን ጻፍና ትዕይንቱን ደብረ ብርሃን መናኸሪያ እንደሆነ አድርጋችሁ ከጓደኛህ ጋር በእንግሊዝኛ ተጫወቱት። እሷ የአዲስ አበባ ሚኒባስ ልትሳፈር ነው። አንተ በዚያ ብርድ ጋቢህን እየጎተትክ ትደርሳለህ፤ ረዳቱ ግን መጀመሪያ ሂሳብ ይልሃል! «ሃው ማች» የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

የፍቅር ኑዛዜዎቹን ግን አትሸምድድ፤ ሆን ተብለው የተጋነኑ ናቸው። አንኮበር ቱሪስት የሚያስጎበኝ ጓደኛዬ የአንዲትን እንግዳ ሻንጣ ሲቀበል አንዱን ለቀቀባት፤ ሴትዮዋ በሳቅ ፍርስ አለች።