የአበራ ዜና ለምን አነሰ?

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ ከጋዛ ስለተለቀቁት ታጋቾች ሲወራ ትውልደ ኢትዮጵያዊው እስራኤላዊ አበራ መንግሥቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚታለፈው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ቅሬታዎ መሠረት አለው። አበራ ከእስራኤሏ ከተማ ከአሽቀሎን ተነሥቶ፣ ቦርሳውን ጥሎ፣ በባሕሩ ዳር አጥሩን ተሻግሮ ጋዛ የገባው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2014 ሲሆን፣ ዜናው እንዳይወጣ የተጣለው እገዳ እስከ ጁላይ 2015 ስላልተነሣ ቤተሰቡ አሥር ወር ያህል ጭንቀቱን አፍኖ ከረመ። በሐማስ ታግቶ የነበረው የእስራኤላዊው ወታደር የጊላድ ሻሊት ስም ግን ከ2006 እስከ 2011 ከአገሩ አፍ አልጠፋም። አበራ በገዛ እግሩ የገባ ሲቪል ነው ይባላል፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን የአእምሮ ሕመምተኛ መሆኑ (ይህን ደግሞ ቤተሰቡ ደጋግሞ ተናግሯል) ርኅራኄን ሊጨምር እንጂ ሊቀንስ አይገባም ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2025 ሲለቀቅ፣ በዚያው ዕለት ያለ ሥነ ሥርዓት የተለቀቀው እስራኤላዊው በደዊን (ዘላን ዐረብ) ሂሻም አል-ሰይድ ደግሞ ከእሱም ያነሰ ቦታ ነው ያገኘው።